ሦስተኛ ራዲያተር ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ይለኩ

ጥያቄ፦ «ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በአንድ መስመር በውሃ የሚያቀዘቅዝ ኮምፒውተር ገጣጥሜአለሁ። ሁለት ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተሮች አሉኝ። ከፊት ያለው አየር ያስገባል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ያስወጣል፤ ከኋላ ደግሞ አንድ የሚያስወጣ ፋን አለ። የኬዙ ፊት መስታወት ሲሆን አየር የሚገባው በጎንና በጎኑ ባሉት ስንጥቆች ነው። ከባድ ጌም ሲከፈት ካርዱ 350 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 120 ዋት ያህል ይወስዳሉ። የክፍሉ ሙቀት 24 ዲግሪ ሆኖ ካርዱ 57፣ ፕሮሰሰሩ 80 ይደርሳል። ፋኖቹም ከፍ ዝቅ እያሉ ይጮሃሉ። ከኋላ ሦስተኛ ባለ 120 ራዲያተር ልጨምር? ወይስ በፕሮሰሰሩና በካርዱ መካከል አንዱን ራዲያተር ባስገባ፣ ፋን በሁለቱም ፊት ብገጥም፣ ወይም ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ ቆይቶ እንዲበርድ የፓምፑን ፍጥነት ብቀንስ ይሻላል?»

ሦስተኛውን ራዲያተር አይግዙት። የጎደለዎት የራዲያተር ስፋት ሳይሆን የክፍሉ አየር ነው፤ ይህም ከሰጡት ቁጥሮች ይነበባል። ሙሉ ሽፋን ያለው ብሎክ (ቺፑ ላይ ተጭኖ ሙቀቱን ወደ ውሃው የሚያስተላልፈው ብረት) የተገጠመለት ካርድ በሙሉ ጭነት ላይ ብዙውን ጊዜ ከውሃው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ በልጦ ይገኛል። ካርዱ 57 ከሆነ ውሃዎ 42 አካባቢ ነው፤ ከክፍሉ በ18 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። ገጣጣሚዎች የሚመሩበት የግምት ልክ አለ፦ መካከለኛ ፍጥነት ባለው ፋን፣ ለእያንዳንዱ 120 ሚሊሜትር የራዲያተር ክፍል 100 ዋት ያህል ቢታሰብ፣ ውሃው ከክፍሉ በ10 ዲግሪ ገደማ በልጦ ይረጋል። አንዱ ባለ 360 ራዲያተር ሦስት እንዲህ ያለ ክፍል ስላለው እርስዎ ስድስት አለዎት፤ 600 ዋት ይችላል። ሙቀትዎ 470 ዋት ነው። በዚህ ስሌት ውሃው 32 ወይም 34 ላይ መቆም ነበረበት። አሁን የሚፈለገው የቀሩት 8 ወይም 10 ዲግሪዎች ከየት እንደመጡ ማወቅ ነው።

ነገሩን ሁሉ የሚያቀለው አንድ አመለካከት ነው፦ ራዲያተር ፕሮሰሰር አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ሦስት ነገሮች ተደምረው የሚገኝ ነው፤ የክፍሉ ሙቀት፣ ውሃው ከክፍሉ የሚበልጥበት መጠን፣ ፕሮሰሰሩ ከውሃው የሚበልጥበት መጠን። ራዲያተርና ፋን የሚነኩት መካከለኛውን ብቻ ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር ከውሃው በ38 ዲግሪ ይበልጣል፤ ይህ ልዩነት የብሎኩ፣ የተርማል ፔስቱ (በብሎኩና በቺፑ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እና በጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ዋት የሚያመነጨው የቺፑ ጉዳይ ነው። አሥር ራዲያተር ቢደረደር ከ38ቱ አንዷን አይቀንስም። በአንጻሩ ውሃውን በ8 ዲግሪ ካወረዱት ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዚያው በ8 ይወርዳሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የውሃ ሙቀት መለኪያ ያስፈልጋል። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ባለ ሁለት ፒን የሙቀት ሴንሰር ማስገቢያ አለ፤ በአብዛኛው የሚቀበለው 10 ኪሎ ኦም የሆነውን ዓይነት ነው። ጂ 1/4 የተባለው የውሃ መስመር መደበኛ ጥርስ ያለው ሴንሰር ባዶ በሆነ የራዲያተር ወይም የማጠራቀሚያ ቀዳዳ ላይ እንደ መክደኛ ይታሰራል። መስመሩን ማፍሰስ ካልፈለጉ ጠፍጣፋ ሴንሰር በአንዱ የብረት ፊቲንግ (የቱቦ ማያያዣ) ላይ ለጥፈው ዙሪያውን በስፖንጅ ይሸፍኑት፤ ከእውነተኛው ጥቂት ዝቅ ብሎ ያነባል፣ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ሲለኩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በአንድ ዓይነት ጭነትና በቋሚ የፋን ፍጥነት ያሂዱት። ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፤ በአሥር ደቂቃ የተነበበ ቁጥር ያታልላል። የክፍሉን ሙቀት ደግሞ ከኬዙ ራቅ አድርገው ይለኩና ከውሃው ይቀንሱ። ከቀን ቀን የሚያነጻጽሩት ይህን ልዩነት ነው፤ ውሃው 40 መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግርም።

አሁን ወደ አየሩ። አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ግራም አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ አንድ ጁል ገደማ ይበቃል። ከፊት ያሉት ሦስት ፋኖች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 14 ሊትር በራዲያተሩ ውስጥ ያሳልፋሉ እንበል። በድምሩ 42 ሊትር፣ ማለትም 50 ግራም አየር ነው። የፊቱ ራዲያተር ከ470 ዋት ግማሹን፣ 235 ዋት፣ ቢያወጣ አየሩ ወደ ኬዙ ሲገባ በ4.7 ዲግሪ ሞቆ ነው። መስታወቱ የአየሩን ፍሰት በግማሽ ቢያንቀው ይህ ወደ 9 ዲግሪ ይወጣል። ያ አየር ነው እንግዲህ ወደ ጣሪያው ራዲያተር የሚሄደው። የጣሪያው ራዲያተር 42 ዲግሪ የሆነን ውሃ በ33 ዲግሪ አየር ያቀዘቅዛል፤ በ24 ዲግሪ አየር ቢያገኝ 18 ዲግሪ ልዩነት ይኖረው ነበር፣ አሁን ያለው 9 ብቻ ነው። ራዲያተር የሚያወጣው ሙቀት ከዚህ ልዩነት ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ሁለተኛው ራዲያተርዎ የሚሠራው በግማሽ አቅሙ ነው። ይህ ሁሉ የማዘርቦርዱና የራሙ ሙቀት ሳይታከልበት ነው።

ሦስተኛው ራዲያተር ከኋላ ቢገጠምም የሚጠብቀው ዕጣ ይኸው ነው። በስፋት የሚጨምረው አንድ ስድስተኛ ነው፤ የሚያገኘው አየር ከኬዙ ውስጥ ሁሉ የሞቀው ነው፤ ከዚያም በላይ ብቸኛውን የኋላ መውጫ ይደፍነዋል።

መስታወቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ ምንም መግዛት አያስፈልግም። በተረጋጋ ጭነት ላይ የፊቱን ሽፋን ያውልቁና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ከ3 ዲግሪ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የሽፋኑ ነው። ያኔ መፍትሔው ሽፋኑን በወንፊት መልክ በተበሳሳ መቀየር፣ ወይም በማራቂያ ስፔሰር መስታወቱን ከኬዙ 15 ወይም 20 ሚሊሜትር ማራቅ ነው። ፋኑን ማፍጠን ይህን አይተካም፤ በጠባብ ስንጥቅ የሚጎተት አየር ጩኸቱን እንጂ መጠኑን ብዙም አይጨምርም።

ብዙዎች የማያዩት ሌላ ቀዳዳም አለ። ራዲያተሩ ከኬዙ ጋር በማይገጥምባቸው ጠርዞች፣ ራዲያተሩን አልፎ የሞቀው አየር ተመልሶ ወደ ፊት ይሳባል። ፋኖቹ እየዞሩ ሳለ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በሁለት ጣት ይዘው ከኬዙ ውስጥ በራዲያተሩ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ይዘርጉት። ጫፉ ወደ እርስዎ ከመነፋት ይልቅ ወደ ስንጥቁ ከተጎተተ የሞቀው አየር እየተመለሰ ነው። ራሱ የሚጣበቅ የስፖንጅ ጥብጣብ ቆርጠው ስንጥቁን ይድፈኑት። ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ትርፉ ግን ውድ ፋን ከመግዛት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያው የግድ ማስወጣት አለበት» የሚለው እምነት ፋን ለሌለው ዕቃ እንጂ ለእርስዎ ኬዝ አይሠራም። ሙቀት በራሱ የሚያነሳው አየር አንድ ፋን ከሚገፋው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የጣሪያውን ፋኖች ገልብጠው ከውጭ እንዲያስገቡ ካደረጉ ሁለቱም ራዲያተሮች የክፍሉን አየር ያገኛሉ፤ የኋላው ፋንና የኬዙ የኋላ ቀዳዳዎች መውጫ ይሆናሉ። ይህ ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም መደበቅ አይገባም፦ 470 ዋቱ በሙሉ ኬዙ ውስጥ ይራገፋል። የማዘርቦርዱ የኃይል ክፍል፣ ራሙና ኤስኤስዲው የሞቀ አየር ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ከኋላ ያልተያዙትን የካርድ ማስገቢያ ክዳኖች በቀዳዳማ ይተኩ ወይም ያውልቁ፣ የኋላውን ፋን ከሌሎቹ ከፍ አድርገው ያሽከርክሩ፣ ፓወር ሰፕላዩም አየር የሚስበው ከኬዙ ውስጥ ከሆነ ፋኑ ወደ ታች ዞሮ ከወለሉ በኩል እንዲስብ ያድርጉት። ከዚያ የራሙንና የኤስኤስዲውን ሙቀት ያንብቡ። ኤስኤስዲው ከ70፣ ራሙ ከ60 ዲግሪ ካላለፉ ይተዉት። ካለፉ፣ ወይም የኬዝዎ ጀርባ ድፍን ከሆነ፣ ጣሪያውን ወደ ማስወጣት ይመልሱና የፊቱን አየር ማስፋት ላይ ያተኩሩ።

መገልበጡ ቀላል የሚሆነው መስመሩ ስለማይከፈት ነው። ፋኖቹ ከራዲያተሩ በታች ከተገጠሙ ፈትተው ያገላብጧቸው፤ አሁን ወደ ላይ ከመግፋት ይልቅ በራዲያተሩ በኩል ወደ ታች ይስባሉ። በመግፋትና በመሳብ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ነው። መሳብ እንዲያውም አቧራው ከውጭ በኩል ባለው የራዲያተር ፊት ላይ እንዲቀመጥና በቀላሉ እንዲጠረግ ያደርጋል። አየሩ የሚወጣበትን ጎን ለመለየት ሞተሩ በቀጫጭን እግሮች የተያዘበትን ጎን ይፈልጉ፤ መውጫው ያ ነው። ጣሪያው ማስገቢያ ሲሆን ፊልተር የግድ ነው።

ብሎኖቹ ላይ ይጠንቀቁ፤ አዲስ ራዲያተር የሚበሳው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለ25 ሚሊሜትር ፋን የተለመደው ብሎን 30 ሚሊሜትር ነው፤ 5 ሚሊሜትር ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ራዲያተሩን ያለ ፋን ከኬዙ ላሜራ ጋር የሚያስረው ደግሞ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ተቀያይረው ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ፣ ከቀዳዳው ሥር ያለውን የውሃ መተላለፊያ ይበሳል። አንዳንድ ራዲያተሮች ከቀዳዳው ሥር መከላከያ ላሜራ አላቸው፤ ብዙዎቹ የላቸውም። ከማሰርዎ በፊት ብሎኑን በፋኑ ቀዳዳ አሳልፈው የተረፈውን ጫፍ በማስመሪያ ይለኩ። ጥርሱም ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ ኤም3፣ ኤም4 ወይም በኢንች የሚለካው 6-32። የሚመሳሰሉ ቢመስሉም አይተካኩም። በጣት ሁለት ሦስት ዙር ያልገባ ብሎን በካቻቪቴ አይገደድም።

ፋን በሁለቱም ፊት መግጠም የአየሩን መጠን በእጥፍ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ግፊቱን ነው። ጥቅሙ የሚታየው 45 ወይም 60 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው፣ ሙቀቱን ለአየሩ የሚያስረክቡት ቀጫጭን ላሜራዎቻቸው በተጠጋጉ ራዲያተሮች ላይ ነው። በ30 ሚሊሜትር ቀጭን ራዲያተር ላይ የሚያተርፉት አንድ ሁለት ዲግሪ ሲሆን፣ በምላሹ ሦስት ተጨማሪ የጩኸት ምንጮች ይገባሉ። ማስመሪያ ይያዙና በ2.54 ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉትን ላሜራዎች ይቁጠሩ። ከ16 በታች ከሆኑ ዘገም ያለ ፋን ይበቃቸዋል፤ ከ20 በላይ ከሆኑ ግፊት ያለው ፋን ይፈልጋሉ። ፋን ሲመርጡም በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የአየር መጠን አይመኑ። እሱ የተለካው ከፊቱ ምንም ሳይጋረድ ነው። ለራዲያተር የሚጠቅመው በሚሊሜትር ውሃ የሚጻፈው የግፊት ቁጥር ነው።

የራዲያተሮቹ ቅደም ተከተል አያስጨንቅዎት። በደቂቃ 4 ሊትር የሚሄድ ውሃ 470 ዋት ሲቀበል የሚሞቀው በ1.7 ዲግሪ ብቻ ነው። ያ በመስመሩ በጣም ሞቃታማና በጣም ቀዝቃዛ ቦታ መካከል ያለው ጠቅላላ ልዩነት ነው፤ በመካከል ራዲያተር ማስገባት ከዚያ ውስጥ አንዷን ዲግሪ እንኳ ላይሰጥዎት ይችላል። ቱቦው አጭርና ያልተጣመመ የሚሆንበትን መንገድ ይምረጡ። የማይጣስ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ማጠራቀሚያው ፓምፑን በቀጥታ ይመግብ፣ ከፓምፑም ከፍ ይበል። ደረቅ የሚዞር ፓምፕ ቶሎ ይበላሻል።

ፓምፑን መቀነስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ በቆየ ቁጥር በብሎኮቹ ውስጥም ያንኑ ያህል ይቆያል፤ የሚዞረው በአንድ ክብ ነውና። ፍሰቱን ወደ 1 ሊትር ካወረዱት ያው 470 ዋት የመስመሩን ልዩነት ወደ 6.7 ዲግሪ ያወጣዋል፤ በብሎኩ ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ያለው ሽክርክሪትም ስለሚዳከም ፕሮሰሰሩ ይበልጥ ይሞቃል። ከ3 እስከ 4 ሊትር ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያተርፉት የፓምፕ ድምፅ ነው።

የፋኖቹ ከፍ ዝቅ ማለት የመጣው ፍጥነታቸውን ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ጋር ስላያያዙት ይመስላል። ፕሮሰሰር አንድ ፕሮግራም ሲከፈት በሰከንድ ውስጥ 20 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ውሃው ግን አይዘልም፤ መስመርዎ 1 ሊትር ውሃ ቢይዝና አንዲት ዋት እንኳ ባትወጣ፣ 470 ዋት ያንን ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 9 ሰከንድ ይወስድበታል። ስለዚህ ፋኖቹን ከውሃው ሴንሰር ጋር ያያይዙ። ለ24 ዲግሪ ክፍል፣ ውሃው 30 እስኪደርስ 40 በመቶ፣ በ35 ላይ 55፣ በ40 ላይ 75፣ በ45 ላይ 100 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ፓምፑን በአንድ ቋሚ ፍጥነት ያቁሙት፤ ለውጡ ሁሉ በፋኑ ይሁን። ውሃው 55 ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲያጠፋ ያዙት፤ ዲ5 የተባለው የተለመደ የፓምፕ ዓይነት የተሠራው እስከ 60 ዲግሪ ላለ ፈሳሽ ነው፣ አንዳንድ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦዎችም በዚያ አካባቢ መለስለስ ይጀምራሉ። ሽቦው ላይም ልብ ይበሉ፤ አንድ የማዘርቦርድ የፋን ማስገቢያ በአብዛኛው የሚችለው 1 አምፔር ነው። ስድስት ፋኖችን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ኃይል በሚወስድ ማከፋፈያ ያገናኙ እንጂ በአንድ ማስገቢያ ላይ አይደርድሯቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃው ከክፍሉ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ በልጦ ቢረጋ፣ ፕሮሰሰሩ 72 ወይም 74 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ በታች ከፈለጉ ራዲያተሮቹን ይተዉና ወደ ብሎኩ ይሂዱ። መግቢያና መውጫው መቀያየሩ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብዙ ብሎኮች ውሃውን በመካከል አፍስሰው በዳር ስለሚያወጡ፣ ተገልብጦ ሲገጠም ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ይጨምራል። ቀጥሎ ተርማል ፔስቱ ሁሉንም ቦታ መንካቱን፣ አራቱ ብሎኖች በእኩል መጥበቃቸውን ይመልከቱ። ለዚህም ሆነ ለሴንሰሩ መስመሩን ከከፈቱ ውሃ ከመሙላትዎ በፊት በ0.5 ባር የአየር ግፊት ለ30 ደቂቃ ይፈትሹት፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ከወረደ የሚያፈስ ፊቲንግ አለ። ሲሞሉም ፓምፑ ብቻ ኃይል ያግኝ፤ አየሩ እስኪወጣ ኬዙን ወደ አራቱም ጎን ዘንበል ዘንበል ያድርጉት።

እንግዲህ መጀመሪያ ይለኩ፣ የፊቱን ሽፋን አውልቀው ይፈትኑ፣ ስንጥቆቹን ይድፈኑ፣ ፋኖቹን ከውሃው ሴንሰር ጋር ያያይዙ፣ በመጨረሻም ጣሪያውን ይገልብጡ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ አለበለዚያ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። ፋኖቹ በደቂቃ 1200 ዙር እየዞሩ ውሃው አሁንም ከክፍሉ ከ15 ዲግሪ በላይ ከበለጠ፣ ያኔ ተጨማሪ ራዲያተር ተገቢ ነው። ቦታው ግን ኋላ አይሁን፤ በኬዙ ወለል ላይ ከሥር አየር የሚያስገባ ባለ 240 ወይም ባለ 360 ይሁን። አሁን ካሉት ጋርም በብረት ይመሳሰል፤ ከመዳብና ከነሐስ በተሠራ መስመር ውስጥ አሉሚኒየም ራዲያተር ከገባ አሉሚኒየሙ ተበልቶ ያልቃል። ከመገጠሙ በፊት በሞቀ ዲስቲልድ ውሃ ሞልተው እየነቀነቁ ይድፉት፤ የሚወጣው ውሃ የብየዳ ቅሪት የሌለበትና ጥርት ያለ እስኪሆን ድረስ ይደጋግሙት።